ከነልጆቻችሁ ዛንዚባር ስትሄዱ የአገሩን ምግብ እንዴት እንደምትበሉ

ዛንዚባር ሩቅ አይደለችም። በቀጥታ በረራ ከቦሌ 3 ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ የሆቴል ፓስታና ቺፕስ በልቶ መመለስ ያስቆጫል። የደሴቷ ሰው ምግቡን የሚሠራው በቅርንፉድ፣ በቀረፋ፣ በሄል፣ በእርድና በቁንዶ በርበሬ ነው፤ ለእኛ ምላስ እንግዳ አይደለም። አዲስ የሚሆንባችሁ የኮኮናት ወተቱ ነው። እሱም ቶሎ ይለመዳል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ትንሽ ዝግጅት ይፈልጋል።

1. ክፍል ስትይዙ ቁርስ ብቻ ያለውን ምረጡ

ምሳና እራቱን አብራችሁ ከከፈላችሁ "ተከፍሎበት የለ" እያላችሁ ከቡፌው አትወጡም። ወቅቱንም እዩት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ነው። በረመዳን ደግሞ ቀን ቀን አብዛኛው የሰፈር ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ መንገድ ላይ መብላትም ነውር ነው። ለልጆቹ ምሳ የት እንደሚገኝ ማረፊያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

2. ስለ ሥጋውና ስለ ጾሙ ቤት ሳላችሁ ወስኑ

ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ የሚታረደውም በዚያው ሥርዓት ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የትም ገብቶ ሳይጨነቅ ይበላል። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩበት። በከሰል የተጠበሰው ሥጋ ልጁ እጅ ከገባ በኋላ መከራከር ለማንም አይበጅም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዓሣው ብቻውን ይበቃል። ቻንጉ የሚሉት ቅርፊት ያለው ዓሣ አለ። ሙሉውን በከሰል ጠብሰው በሎሚ ያቀርቡታል። ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ለማይበላ ቤተሰብ እሱን የሚያህል የለም።

በጾም ከሄዳችሁም አትቸገሩም። ቦሎቄ በኮኮናት፣ ሩዝ በኮኮናት፣ ካሳቫ በኮኮናት፣ ምቺቻ የሚሉት ጎመን መሳይ ቅጠል፣ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ፤ ሁሉም የየቀን ምግባቸው ነው። ፒላው የሚሉት በቅመም የሚሠራ ሩዝ ግን ብዙ ጊዜ ሥጋ ስላለበት ተጠንቀቁ። ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥም ወተት ወይም እንቁላል ሊኖረው ይችላል። እነዚህን የስዋሂሊ ቃላት ያዙ፦ "ቢላ ኛማ" ያለ ሥጋ፣ "ቢላ ማዚዋ" ያለ ወተት፣ "ቢላ ማያይ" ያለ እንቁላል። ለትንንሾቹ ደግሞ "ቢላ ፒሊፒሊ"፣ ማለትም ያለ ሚጥሚጣ።

3. ከምግብ ቤት በፊት የቅመም እርሻ ውሰዷቸው

ልጅ አዲስ ምግብ የሚገፋው ውስጡ ያለውን ስለማያውቀው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ኪዚምባኒ ወይም ኪዲቺ አካባቢ ካሉት እርሻዎች ወደ አንዱ ሂዱ። ከስቶን ታውን፣ ማለትም ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል፣ ሩቅ አይደሉም። አስጎብኚው ቅጠል ቆርጦ በእጁ ያሽና ልጆቹ እያሸተቱ እንዲገምቱ ያደርጋል። የቀረፋ ልጣጭ ከግንዱ ላይ ይላጥላቸዋል። የገውዝ ፍሬ ለሁለት ሲከፈት ውስጡ ያለው ዘር ደማቅ ቀይ መረብ ለብሶ ይወጣል፤ ልጆች ዓይናቸውን አይነቅሉም። ማታ ያው ሽታ ከሳህን ሲመጣላቸው "ይሄማ ቀረፋ ነው" ማለት ይጀምራሉ።

4. ፎሮዳኒ ሲመሽ ግቡ፣ ግን መርጣችሁ ብሉ

ፎሮዳኒ ስቶን ታውን ባሕር ዳር ያለ መናፈሻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ምግብ ገበያነት ይለወጣል። መጀመሪያ ሳትገዙ አንድ ዙር ዙሩ። ሻጮቹ ይጠሯችኋል፤ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

በእንጨት ተሰክቶ የተደረደረው የባሕር ምግብ ዓይን ይስባል። ግን ሲያመሽ ከተጠበሰ ቆይቶ እንደገና የሚሞቅም አለ። ልጅ የያዘ ሰው ዓይኑ እያየ የሚሠራውን ቢመርጥ ይሻለዋል። የዛንዚባር ፒዛ እንደዚያ ነው። ሠሪው ትንሽ ሊጥ ዘይት ቀብቶ በመዳፉ እየገፋ ብርሃን እስኪያሳልፍ ያሳሳዋል። መሐሉ ላይ ሽንኩርቱንና አትክልቱን ያደርጋል፣ እንቁላል ይሰብርበታል፣ በአራቱም በኩል አጥፎ የጋለ ምጣድ ላይ ይጥለዋል። ለልጆች ሙዝና ቸኮላት ያለበትን እዘዙ። ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ግን ምጣዱ ለሁሉም አንድ መሆኑን እወቁ።

ኡሮጆንም ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ። ቢጫ፣ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ነው። ድንች፣ የጥራጥሬ ባጂያና የካሳቫ ቺፕስ ይገባበታል። ሥጋና እንቁላሉን ማስቀረት ይቻላል። ለሁለት አንድ ሳህን ይበቃል። በላዩ ዝንጅብልና ሎሚ አብሮ የተጨመቀ ሸንኮራ ጠጡበት። ዋጋውን ከማዘዛችሁ በፊት በሽልንግ ተስማሙ፤ "ቤይ ጋኒ?" በሉ።

5. ባሕር ዳር ምሳ ቀድማችሁ እዘዙ

እንደ ፓጄና ጃምቢያኒ ባሉ መንደሮች ትንንሽ ምግብ ቤቶች ዓሣውን ካዘዛችሁ በኋላ ነው የሚጀምሩት። ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ጠዋት ወደ ባሕር ስትወርዱ እዘዙና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሯቸው። ልጆቻችሁ ታላላቆችን "ሺካሞ" እንዲሉ አስተምሯቸው። "ማራሃባ" ይባላሉ፣ አቀባበሉም ይለያል። በእጅ ከበላችሁ በቀኝ ነው፤ ይሄንን እንኳ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

6. ሆዳቸውን ጠብቁ

የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፤ በረዶም ከምን እንደተሠራ ካላወቃችሁ ይቅርባችሁ። ፍራፍሬ ራሳችሁ ልጣችሁ ስጧቸው። የባሕር ምግብ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ መጀመሪያ ትንሽ ይቅመስና ቆዩ፤ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ኦአርኤስ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። ተቅማጥ ከመጣ ፋርማሲ ፍለጋ ከመሮጥ ያድናል።

ቅመም ለቤት መግዛት ከፈለጋችሁ ስቶን ታውን ያለው ዳራጃኒ ገበያ ሂዱ። ቅርንፉዱን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ዘይት ካወጣ ጥሩ ነው። በርካሽ "ሳፍሮን" እየተባለ የሚሸጠውን ግን እለፉት፤ እውነተኛው ሳፍሮን ርካሽ ሆኖ አያውቅም።