የጀልባዋ አፍንጫ ሰማይ ሲያይ

ሥራዬ ባሕር ዳርና ዘጌን መመላለስ ነው። ስሄድ ተሳላሚ ወይም ቱሪስት፣ ስመለስ አንዳንዴ የዘጌ ቡና በጆንያ እጭናለሁ። ጀልባዋም ሞተሩም ያው ናቸው፤ አመላቸው ግን በየጉዞው ይለያያል። ነገሩ ትሪም ነው፤ ሞተሩ ከጀልባዋ ጀርባ ጋር ያለው ማዕዘን።

ሞተሩ ወደ ጀልባዋ ሲጠጋ አፍንጫዋ ይወርዳል፣ ሲርቅ ይነሣል። አፍንጫዋ ውሃውን እያረሰ መሪው ከከበዳችሁ በጣም ተጠግቷል። ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ ብድግ ዝቅ ካለች ደግሞ በጣም ርቋል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረም እንደዚያው፤ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለር አየር እየሳበ ነው። እምቦጭ ሲጠመጠምበትም ጉልበት ያጣልና ሞተሩን አጥፍታችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

የሞተሩን ማዕዘን የሚይዘውን ፒን ከመንካታችሁ በፊት ሰውና ጭነት አዘዋውሩ። ያን ሰሞን ጆንያዎቹን ሁሉ ከኋላ ደርድሬ አፍንጫዋ ሰማይ አየች። ከፊቴ ታንኳ ቢኖር እንኳ አይታየኝም። ሁለት ጆንያ ወደ መሀል ስንገፋ ነገሩ አለቀ።

ካልበቃ ወደ ፒኑ። እንደኔ ባለ አነስተኛ ሞተር ላይ ማዕዘኑን ለመቀየር በጣት የሚጫኑት ቁልፍ የለም። ሞተሩን በያዘው ብረት ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፒኑ ከአንዱ ይገባል። ይህን እየሄዳችሁ አትሞክሩ። ጀልባዋን እሰሩ፣ ማርሹን ፍሪ አድርጉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ እጅ ላይ የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድም ንቀሉ። ሞተሩን አንሡትና መደገፊያው ቀጭ ብሎ ሲይዝ ገፋ አድርጋችሁ ፈትኑት። ካልያዘ ያ ሁሉ ክብደት ጣታችሁ ላይ ይወርዳል። በሞተሩና በማቀፊያው መሀል እጅ አይገባም፣ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን።

ፒኑን ከመንቀላችሁ በፊት በሲባጎ እሰሩት። እኔ አንዴ ዘይት በነካው እጄ ሳላስር አወጣሁት። ጧ! አለና ጠፋ። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጭቃው ግን የዋጠውን አይመልስም። ተሳላሚዎቹ ሌላ ጀልባ ያዙ፣ እኔ ፒን ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ዛሬ ትርፍ ፒን ከመቀመጫዬ ሥር ተንጠልጥሎ ይኖራል።

አንድ ቀዳዳ ብቻ አዛውሩ፣ ሁለት አትዝለሉ። የፒኑ ጫፍ በሁለቱም በኩል መውጣቱን፣ መቆለፊያውም መያዙን አይታችሁ ሞተሩን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ስታስነሡት ከጎኑ የሚፈሰው የማቀዝቀዣ ውሃ ይታያችሁ።

ሙከራው ጠዋት ነው፣ ውሃው ሳይነቃ፣ ያለ ተሳፋሪ። መጀመሪያ ቀጥ ብላችሁ፣ ከዚያ ሰፋ አድርጋችሁ ታጠፉ። መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ድንገት ከጮኸ አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባዋ መልሱት። ከሰዓት ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉን ፊት ለፊት ስትገጥሙም አፍንጫዋ ዝቅ ማለት አለባት። እዚያ መሀል ሐይቅ ላይ ግን ፒን አይነቀልም። ጋዙን ቀንሱ፣ ተሳፋሪውን «ጠጋ ጠጋ በሉ ወደፊት» በሉት።