መንጋጋዎ ቀጭ ቀጭ ሲል

መንጋጋ ሲከፈት ቀጭ ማለቱ ብቻውን፣ ሕመም ከሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። ከጆሮዎ ፊት ለፊት የሚያምዎ ከሆነ ግን ሦስት ጣቶችዎን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶችዎ መካከል ለማስገባት ይሞክሩ፤ ካልገቡ የመንጋጋ መገጣጠሚያው ወይም የማኘኪያ ጡንቻው ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ዋናው መላ ገንዘብ አይጠይቅም፦ በማያኝኩበት ጊዜ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ከጥርስ ግን አይነካካ። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ጥርሴን ነክሼ እንደምውል ያወቅሁት በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀይ ነጥብ ለጥፌ፣ ባየኋት ቁጥር መንጋጋዬን ስፈትሽ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ለስላሳ ምግብ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ሞቅ ያለ ፎጣ፤ ማስቲካ ይቅር። ሌሊት ጥርስ የሚያፋጩ ከሆነ የጥርስ ሐኪም በልክ የሚሠራው፣ ሲተኙ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ይረዳል። ገና በመጀመሪያው ቀን ቀዶ ሕክምና ከተባሉ ሌላ ሐኪም ያማክሩ። አፍዎ እንደተከፈተ ከቀረ ወይም እብጠትና ትኩሳት ካለ ግን በዚያው ቀን ይታዩ።