ኢንቮይሱ በዶላር፣ ገቢው በብር፦ ከጅማ ሆነን ለውጭ ደንበኛ ሆስቲንግ ስናስከፍል የሚገጥሙን የምንዛሪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ተቀምጦ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚቀመጥበትን የሰርቨር ቦታ ማከራየት) የሚሸጥ ሰው ከከተማው ደንበኛ ጋር ብቻ አይሠራም። የአጋሮ ወይም የሊሙ ቡና ላኪ ድረ ገጹን እዚህ ያሠራና ክፍያውን ዱባይ ያለው ሸሪኩ ይልክለታል። ጅቡቲ የጭነት አስተላላፊ አለ፣ ጀርመን የሚኖሩ የአገር ልጆች ማኅበር አለ። ሁሉም የሚያስበው በለመደው ገንዘብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ላይ ላዩን ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ አብዛኞቹ ግን የሚመጡት ኢንቮይሱ በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ቀን ተመን እንደተቆረጠ ተጽፎ ስላልተቀመጠ ነው።

ያለፈው ወር ኢንቮይስ ዛሬ ሲከፈት ሌላ ቁጥር ያሳያል

ምልክት፦ ለደንበኛው በተላከው ፒዲኤፍ ላይ ያለው የብር መጠን ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ወሩ ሲዘጋ የወጣው ሪፖርት በሳምንቱ እንደገና ሲወጣ ድምሩ ተቀይሮ ይመጣል።

ምክንያት፦ ሶፍትዌሩ ያስቀመጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሌላውን ገጹ በተከፈተ ቁጥር በዕለቱ ተመን እያባዛ ነው የሚያሳየው። ተመኑ ቀስ እያለ በሚሄድበት ጊዜ ይህ ጉድለት ሳይታይ ይኖራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ግን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእንዲህ ያለ ሲስተም በሰኔ የተከፈለ የ120 ዶላር ኢንቮይስ 6,840 ብር መሆኑ ቀርቶ በነሐሴ ከ12,000 ብር በላይ ሆኖ ይታያል። ያንን ብር የተቀበለ ግን ማንም የለም፤ ግብር የሚሰላው በእንዲህ ያለ ሪፖርት ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው።

መፍትሄ፦ ኢንቮይሱ ሲቆረጥ መጠኑ፣ የገንዘቡ ዓይነት፣ ተመኑ፣ የተመኑ ቀንና ተመኑ የተወሰደበት ባንክ አብረው ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አይንካቸው። ክፍያው የሚገባበት ዕለት የራሱ ተመን አለው፤ እሱን በክፍያው መዝገብ ላይ ለብቻው ጻፉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምንዛሪ ትርፍ ወይም ኪሳራ ተብሎ በራሱ ሂሳብ ይመዘገባል እንጂ ከሆስቲንግ ገቢ ጋር አይደባለቅም። ዋጋውን ከኒውዮርክ ገበያ ጋር አያይዞ የሚዋዋል ቡና ላኪ ዋጋው መቼ እንደሚቆረጥ ሳይስማማ አይፈርምም፤ የእኛም ኢንቮይስ እንደዚያ ይያዝ።

ዩሮው በየቀኑ ሲታደስ የብሩ ተመን ባለበት ቆሟል

ምልክት፦ አውቶማቲክ ማደሻው በርቷል፣ ክሮን ጆቡም (በተቀጠረለት ሰዓት ራሱ የሚነሳው ሥራ) በየሌሊቱ ይሠራል፤ ብሩ ግን ወራት ያለፈው ተመን ላይ ነው።

ምክንያት፦ የሆስቲንግ ሻጮች ኢንቮይስ የሚቆርጡበትን ደብሊውኤችኤምሲኤስን (WHMCS) ጨምሮ አንዳንድ የክፍያ ሶፍትዌሮች ተመን የሚያመጡት ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብር የለም። የጅቡቲ ፍራንክ፣ የኬንያ ሽልንግና የኤምሬትስ ድርሃምም የሉም። ሶፍትዌሩ ያላገኘውን ገንዘብ ባለበት ትቶት ያልፋል፤ ስለዚህ የተበላሸ ነገር ያለ አይመስልም።

መፍትሄ፦ የብሩን ተመን ክፍያው ከሚገባበት ባንክ የዕለት ሰሌዳ ላይ እየወሰዳችሁ በእጅ አስገቡ። የምትወስዱት መግዣውን ነው፤ ባንኩ የሚገባላችሁን ዶላር የሚገዛው በዚያ ነውና። መሸጫውን የወሰደ ሰው በእያንዳንዱ ኢንቮይስ ላይ የማያገኘውን ገቢ ይመዘግባል። ሰሌዳው የጥሬ ገንዘብና የዝውውር ተመን ለይቶ ካስቀመጠ የዝውውሩን ተጠቀሙ። ድርሃምና የጅቡቲ ፍራንክ ግን የዕለት ክትትል አያስፈልጋቸውም፤ ሁለቱም ከዶላር ጋር የታሰሩ ናቸው፤ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም፣ 177.721 የጅቡቲ ፍራንክ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ተመን ማደስና የሆስቲንግ ጥቅል ዋጋ ማደስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጥቅል ዋጋ ማደሻውን የነካ ሰው በእጁ ያስተካከላቸው ዋጋዎች ሁሉ ይሰረዙና 4,387.26 ብር የሚል ዋጋ ዌብሳይቱ ላይ ያገኛል። በእያንዳንዱ ገንዘብ የሚሸጥበትን ዋጋ ሰው ይወስነው። ተመኑ ለሂሳብ መዝገብ ነው።

የጅቡቲው ደንበኛ መቶ እጥፍ ተጠየቀ

ምልክት፦ 1,777 ፍራንክ መክፈል የነበረበት ደንበኛ በካርድ ሲከፍል 177,700 ይጠየቃል። የኩዌቱ ደንበኛ በተቃራኒው አንድ አሥረኛውን ብቻ ይከፍላል።

ምክንያት፦ ብዙ የካርድ ክፍያ መግቢያዎች (ክፍያውን ከካርዱ የሚቀበሉልን አገልግሎቶች) መጠኑን የሚቀበሉት በገንዘቡ ትንሿ መክፈያ ነው፤ 10 ዶላር 1000 ሳንቲም ተብሎ ይላካል። ኮዱን የጻፈው ሰው ሁሉንም በ100 አባዝቶታል። የጅቡቲ ፍራንክ ግን በክፍያ ሥርዓቱ ሳንቲም የለውም፣ የኩዌት ዲናር ደግሞ ሺህ ፊልስ ነው።

መፍትሄ፦ የገንዘቦችን ኮድ በሚወስነው ዓለም አቀፍ ደረጃ በአይኤስኦ 4217 መሠረት ለእያንዳንዱ ገንዘብ ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንዳለው የሚናገር ሠንጠረዥ ይኑራችሁ፤ ብርና ዶላር 2፣ የጅቡቲ ፍራንክ 0፣ የኩዌት ዲናር 3። ማባዣውም ከዚያ ይምጣ። መጠኑን ዳታቤዝ ውስጥ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ።

ደንበኛው ሙሉ ከፈልኩ ይላል፣ ሲስተሙ ግን ቀሪ አለበት ይላል

ምልክት፦ 120 ዶላር ተልኮ የገባው ከ120 በታች ነው። ሲስተሙ ኢንቮይሱን አልተከፈለም ብሎ ይይዘውና ቀኑ ሲደርስ ድረ ገጹን ይዘጋል። ሙሉ ከፍሎ ደረሰኝ በእጁ ለያዘ ደንበኛ ከዚህ በላይ የሚያስቀይም ነገር የለም።

ምክንያት፦ በስዊፍት (ባንኮች ከአገር አገር በሚላላኩበት መረብ) የተላከ ገንዘብ ጅማ ያለው ቅርንጫፍ እስኪደርስ በመካከለኛ ባንኮች ያልፋል፤ እነሱም ኮሚሽናቸውን ከዋናው ገንዘብ ላይ ሊቆርጡ ይችላሉ።

መፍትሄ፦ ደንበኛው ሲልክ የማስተላለፊያ ወጪውን ሁሉ ላኪው የሚችልበትን ምርጫ እንዲይዝ ኢንቮይሱ ላይ ጻፉለት። ጉድለቱ ከተወሰነ መጠን እስካላለፈ ድረስ ኢንቮይሱ እንደተከፈለ እንዲቆጠር ሲስተሙን አስተካክሉና ልዩነቱን የባንክ ወጪ ብላችሁ መዝግቡ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በባንክ የሚከፍልን የውጭ ደንበኛ በዓመት አንድ ጊዜ ማስከፈል ነው። ወርሃዊ 10 ዶላር በስዊፍት ማስላክ ለላኪም ለተቀባይም ኪሳራ ነው።

ክፍያው ከኢንቮይሱ ዓመታት ቀድሞ የገባ ይመስላል

የባንክ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ሆኖ ሲስተሙ በፈረንጆቹ ሲያነበው የሚፈጠር ነው። 05/01/2017 ተብሎ የገባው መስከረም 5፣ ማለትም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው፤ ሲስተሙ ግን ጃንዋሪ 2017 ብሎ ይይዘውና የዚያን ዘመን ተመን ያመጣል። ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጆቹ ቀን ብቻ ይግባ፤ የእኛው ለማሳያ ከጎኑ ይጻፍ። ከኢንቮይሱ ቀን የቀደመ ክፍያ ሲገባም ሲስተሙ ቆም ብሎ ይጠይቅ።

ገቢው በብር እያደገ የሰርቨሩ ኪራይ አይሸፈንም

ምልክት፦ የዓመቱ የብር ድምር ከአምናው በልጧል። የጀርመኑ ሰርቨር ኪራይ በዩሮ ሲመጣ ግን በቂ ዩሮ የለም።

ምክንያት፦ ብር፣ ዶላርና ዩሮ በአንድ ድምር ተደባልቀዋል። የአገር ውስጥ ደንበኛ የዓመቱን በብር አስቀድሞ ከፍሏል፤ ወጪው ግን በየወሩ በዩሮ ይወጣል። ብር በተዳከመ ቁጥር የዶላሩ ገቢ በብር ሲተረጎም ያብጣል፣ የብሩ ገቢ ደግሞ የሚገዛው ዩሮ ያንሳል። አንድ ድምር ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል።

መፍትሄ፦ ሪፖርቱ ለእያንዳንዱ ገንዘብ የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው። የብር ጥቅሎችን በዓመት ከመሸጥ በሦስት ወር ሽጡ፤ ዓመቱን ለሚፈልግ ደንበኛ ዋጋው ሲታደስ ሊለወጥ እንደሚችል ከመክፈሉ በፊት ንገሩት። ከውጭ የገባውን ክፍያ ባንካችሁ በሚፈቅደው መጠን በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ አቆዩና የሰርቨሩን ከዚያው ክፈሉ፤ ወደ ብር ለውጦ መልሶ ዩሮ መግዛት በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ልዩነት ያስከፍላችኋል።

የውጭ ደንበኛ ወደ ብር ገጹ ቀይሮ በርካሹ የሚገዛ ከሆነም በዚሁ ዓምድ ላይ ይታያል። ደንበኛው የሚከፍልበት የገንዘብ ዓይነት በመጀመሪያው ኢንቮይስ ይቆለፍ፤ መቀየር ካስፈለገ ቀሪው ሂሳብ ተዘግቶ አዲስ አካውንት ይከፈትለት።

ገንዘብ ይመለስልኝ ሲል በየትኛው ተመን?

በየትኛውም ተመን አይደለም። በከፈለበት ገንዘብ፣ የከፈለው መጠን ይመለስለታል። 120 ዶላር የከፈለ 120 ዶላር ይወስዳል፤ በመካከል በብር የተፈጠረው ልዩነት ወደ ምንዛሪ ትርፍና ኪሳራ ሂሳቡ ይገባል። ይህን የተመላሽ ደንብ ዌብሳይቱ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስቀምጡት፤ ደንበኛው ከመግዛቱ በፊት ያንብበው።