ስፖርተኛ ስለ ዘርና ስለ ተቃውሞ ተናግሮ ሲወገዝ፦ ከመፍረዳችሁ በፊት ምን ታያላችሁ?

ነገሩን ደጋግመን አይተነዋል። አንድ ታዋቂ ስፖርተኛ ማይክ ይቀርብለታል። ስለ ዘረኝነት ወይም ስለ ተቃውሞ ይጠየቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሳይመሽ ያቺ ዓረፍተ ነገር በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ተበትና እኛ ስልክ ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ኮሜንት ላይ ጎራ ለይተን እንሞሻለቃለን። ግማሹ «ዘረኛ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ሐሳቡን ስለተናገረ አሳደዱት» ይላል። ቃለ መጠይቁን ከፍቶ ያየው ግን ጥቂት ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይህ ለተናጋሪው እንደሚሠራ ሁሉ ኮሜንት ለሚጽፈውም ይሠራል። አትፍረዱ አልላችሁም። ዘርን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ዝም ማለትም አቋም ነውና። ግን አይታችሁ ፍረዱ። እንዴት እንደሚታይ በአንድ በሚገባ በተመዘገበ ጉዳይ ላሳያችሁ፤ ለኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ቡድን ይጫወት በነበረው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በድሩ ብሪስ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ፈልጉ

የሚዛመተው ሁልጊዜ መልሱ ነው። ጥያቄው ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ሙሉውን ቪዲዮ ማግኘትና ከጋዜጠኛው ጥያቄ ጀምሮ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው።

ጁን 3 ቀን 2020 ብሪስ ለያሁ ፋይናንስ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። የተዛመተው ንግግሩ፣ የአሜሪካን ባንዲራ ወይም አገራችንን ከሚያዋርድ ማንም ሰው ጋር መቼም አልስማማም የሚል ነበር። ብቻውን ስታነቡት ምን ክፋት አለው? ባንዲራውን የሚወድ ሰው የትም አገር አለ፤ እኛ ጋ ደግሞ ባንዲራ ምን ያህል ስስ ነገር እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አሁን ጥያቄውን ጨምሩበት። ጋዜጠኛው፣ ተጫዋቹ ኮሊን ኬፐርኒክ የፖሊስ ጭካኔን ለመቃወም በ2016 በብሔራዊ መዝሙር ጊዜ መንበርከኩን አንስቶ፣ ውድድሩ ሲጀመር ተጫዋቾች እንደገና ቢንበረከኩ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ምን ምላሽ መስጠት እንዳለበትና የእሱ የመሪነት ኃላፊነት ምን እንደሆነ ነበር የጠየቀው። ስለ ፖሊስ ጭካኔና ስለ ዘረኝነት ተቃውሞ ተጠየቀ፣ ስለ ባንዲራ መለሰ። የቁጣው ሥር እዚህ ጋ ነው።

ለብሪስም ፍትሐዊ እንሁን። መልሱ ከዚያች ዓረፍተ ነገር በላይ ነበር። ሁለቱ አያቶቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መዋጋታቸውን አንስቷል። መዝሙሩ ሲዘመር እነሱ ትዝ እንደሚሉትና ስሜቱን እንደሚነካው ተናግሯል። በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን መከራ የቀመሱትንም ጠቅሷል። አገሩ ላይ ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ ብሎ ራሱን ጠይቆ፣ አይደለም፣ ገና ብዙ ይቀረናል ብሏል። ይህን ያላየ ሰው ብሪስን እንደ ጭራቅ ይስለዋል። ይህን ያየ ሰው ደግሞ በቅን ልብ የሚናገር ሰውም እንዴት ነገር ሊስት እንደሚችል ይረዳል። የኔ ፍርድ ሁለተኛው ነው።

ቀኑን አትለፉት

ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የተገደለው ሜይ 25 ቀን 2020 ነው። ነጭ ፖሊስ አንገቱ ላይ ከ9 ደቂቃ በላይ ተንበርክኮበት፣ መተንፈስ አልቻልኩም እያለ ሞተ። ብሪስ የተናገረው ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው። አደባባዮች በሰልፈኛ ተሞልተው ነበር። ኒው ኦርሊንስ ውስጥም ሰልፍ ነበር። ያው ንግግር በሌላ ጊዜ ቢነገር ትንሽ አነጋግሮ ያልፍ ነበር፤ እንዲያውም ብሪስ በ2016 ተቀራራቢ ነገር ተናግሮ እንዲህ ዓይነት ማዕበል አልተነሳበትም። ስለዚህ «ድሮም ይህንኑ ይል ነበር፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» የሚል ኮሜንት ስታዩ መልሱ ቀኑ ላይ አለ። ለቅሶ ቤት የሚነገርና ሠርግ ቤት የሚነገር ነገር አንድ አይደለም።

ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ምን አሉ?

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምከራከርለት ይህንኑ ነው። ስለ አንድ ተቃውሞ የተነገረን ነገር ለመመዘን፣ ተቃዋሚው ለምን እንደተነሳ ከራሱ አፍ መስማት ያስፈልጋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ቡድን ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) የነበረው ኬፐርኒክ፣ በኦገስት 2016 መዝሙሩ ሲዘመር በመጀመሪያ ቁጭ ነበር የሚለው። ሲጠየቅ ምክንያቱን በግልጽ ተናገረ፦ ጥቁሮችንና ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን ለምትጨቁን አገር ባንዲራ ኩራቴን ለማሳየት አልቆምም። ያኔ ኔት ቦየር የሚባል የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር፣ ፉትቦልም የሞከረ ሰው፣ ቅር ብሎት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ኬፐርኒክ አልዘጋበትም፤ ተገናኙ፣ ተነጋገሩ። ከመቀመጥ ይልቅ መንበርከክ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ውይይት ነው። ቦየር ያስረዳው ወታደሮች በወደቀ ጓዳቸው መቃብር ፊት ለክብር እንደሚንበረከኩ ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ሳን ዲዬጎ ላይ ኬፐርኒክና የቡድን ጓደኛው ኤሪክ ሪድ ተንበረከኩ፤ ቦየር ከጎናቸው ቆሞ ነበር።

እስቲ ይህን ይዛችሁ ወደ ብሪስ ንግግር ተመለሱ። ባንዲራውንና ወታደሩን ያዋርዳል የተባለው ድርጊት በወታደር ምክር፣ ወታደሮችን ላለማስቀየም ተብሎ የተመረጠ ነው። ይህ ታሪክ ደግሞ ድብቅ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ተነግሯል። የብሪስ የቡድን ጓደኞች የተናደዱት አገሩን ስለወደደ ሳይሆን፣ አብረውት ለብሰው፣ አብረውት በልተው እንዳልሰማቸው ስለገባቸው ነው።

ማን ነው የተቆጣው?

ቁጣን በኮሜንት ብዛት አትለኩ። ስም የሌለው አካውንት ምንም ሊጽፍ ይችላል። ተናጋሪውን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ምን አሉ? እዚያ ሂዱ።

በብሪስ ጉዳይ በጣም የሚያመው የማልኮም ጄንኪንስ ቪዲዮ ነው። ጄንኪንስ ያኔ የሴይንትስ ተከላካይ፣ የብሪስ የቡድን ጓደኛ ነበር። እንባ እየተናነቀው ነበር የተናገረው። ንግግርህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ካልገባህ የችግሩ አካል ነህ አለው። ስለ አያቶችም መለሰለት፦ የእኛም አያቶች ለዚህች አገር ተዋግተዋል፣ ሲመለሱ ግን የጀግና አቀባበል አልጠበቃቸውም፣ ዩኒፎርማቸውን በመልበሳቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል። አንዱ ጦርነት፣ ሁለት ዓይነት መመለስ። ብሪስ መዝሙሩን ሲሰማ የሚያየውና ጄንኪንስ የሚያየው ለምን እንደሚለያይ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ሊብሮን ጄምስም ከቅርጫት ኳሱ ሰፈር ሆኖ ኬፐርኒክ የተንበረከከው ባንዲራውንና ወታደሮቹን ለማዋረድ እንዳልሆነ እስካሁን አልገባህም ወይ ብሎ ጻፈ። የከተማው ሕዝብ ስሜትም ቀላል አልነበረም። ብሪስ ኒው ኦርሊንስ የገባው በ2006 ነው፤ ከተማዋ በካትሪና አውሎ ነፋስ ከፈረሰች በማግስቱ ማለት ይቻላል። ቡድኑን በ2010 ለሱፐር ቦውል፣ ማለትም ለሊጉ ዋንጫ፣ አብቅቷል። ብዙው ነዋሪ ጥቁር በሆነባት ከተማ እንደ ልጇ ይታይ ነበር። ከሩቅ ሰው የማይጠበቀው ከቤተሰብ ይጠበቃል፣ ቅሬታውም በዚያው ልክ ነው።

እዚህ ላይ ትችትን፣ ስድብንና ዛቻን ለዩ። ጄንኪንስ ያደረገው ትችት ነው። የብሪስን የመናገር መብት የምናከብር ከሆነ የጄንኪንስንም የመመለስ መብት ማክበር አለብን። ስድቡን አትድገሙት፣ ዛቻውን ሪፖርት አድርጉት፣ ሁለቱንም ግን ትችቱን ለማጣጣል አትጠቀሙባቸው።

ይቅርታውን እንደ ሒደት ተከታተሉት

ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ወዲያው «አስገድደውት ነው» ወይም «ከልቡ አይደለም» ብሎ መደምደም ይቀናናል። ቆዩ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ንግግር ጠብቁ።

ብሪስ በማግስቱ፣ ጁን 4፣ በኢንስታግራም የጽሑፍ ይቅርታ አወጣ። ንግግሩ ስሜት የጎዳና ዒላማውን የሳተ እንደነበር አመነ። አብሮ የለጠፈው ግን የነጭና የጥቁር እጅ የተጨባበጠበት ተራ የኢንተርኔት ፎቶ ነበር፤ ብዙዎች ቅሬታቸው አልበረደም። ከዚያ ራሱ ካሜራ ፊት ቀርቦ በቪዲዮ ደገመው። የቡድን ጓደኛው ማይክል ቶማስ በንግግሩ እንዳልተስማማ፣ ግን ክርስቲያን እንደመሆናችን የተማርነው ይቅር ማለት ስለሆነ ይቅርታውን እንደተቀበለ ጻፈና ወደ ዋናው ትግል እንመለስ አለ። ይህን ያለው ከማንም በላይ መቀየም የሚችል ሰው ነው። ከሩቅ ሆነን ቂም የምንቋጥርለት እኛ ማን ነን?

ጁን 5 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ብሪስን አሞግሰው፣ የባንዲራ አቋሙን መልሶ ማጠፍ አልነበረበትም ብለው ጻፉ። ለእኔ እውነተኛው ፈተና ይህ ነበር። ብሪስ ሊደሰትና ዝም ሊል ይችል ነበር። ይልቅ ለፕሬዚዳንቱ በስም መለሰ፦ ነገሩ የባንዲራ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ሆኖም እንደማያውቅ፣ ባንዲራን የጥቁሮችን እውነተኛ ችግር ማድበስበሻ ማድረግ እንደማይቻል ገለጸ። አንድ ሰው ቁጣ ለማብረድ ብሎ የሚጠይቀው ይቅርታ እዚህ ድረስ አይሄድም ባይ ነኝ።

በዚያው ቀን የኤንኤፍኤል ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ተጫዋቾቹን ቀድሞ ባለማዳመጣችን ተሳስተናል ብለው ቪዲዮ ለቀቁ። እዚህ ላይ የምትፈልጉት ያልተጠራውን ስም ነው። ኬፐርኒክ በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የለም። ከ2017 ጀምሮ ቡድን አጥቶ የቀረው ሰው፣ ነገሩን የጀመረው ሰው፣ ስሙ አልተነሳም። የተቋም ይቅርታ ስትሰሙ ዋጋ የከፈለው ሰው ምን ተደረገለት ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ሚዛን ይዛችሁ እንደሆነ ፈትሹ

በ2018 የፎክስ ኒውስ አቅራቢዋ ሎራ ኢንግራም፣ ሊብሮን ጄምስ ስለ ፖለቲካ በመናገሩ፣ ዝም ብለህ ኳስህን አንጥር ብላው ነበር። በ2020 ብሪስ ሲወገዝ ደግሞ የራሱ አመለካከት እንዲኖረው ይፈቀድለታል አለች። ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን ማየት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ግን በእሷ ብቻ አንፍረድ። ኬፐርኒክ መቀመጡ አገር ያወቀው ኦገስት 26 ቀን 2016 ነው። ልክ ከአምስት ቀን በፊት፣ ኦገስት 21፣ ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የኦሮሞን ተቃውሞ ደገፈ። ወደ አገሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2018 ነው። ያኔ ምን ብላችሁ ነበር? ፈይሳን ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀልም ብላችሁ ለኬፐርኒክ ያጨበጨባችሁ፣ ወይም ለፈይሳ አልቅሳችሁ ኬፐርኒክን አርፎ ይጫወት ያላችሁ ካላችሁ፣ ሚዛናችሁ የተቃውሞው መብት ሳይሆን የተቃዋሚው ማንነት ነው። ያኔ ኢንተርኔት ላይ የጻፋችሁትን ፈልጋችሁ አንብቡት። እዚያው ነው ያለው።

ነገሩ ቤት ሲገባ

አሜሪካ ለምትኖሩ ይህ ነገር የስክሪን ወሬ ብቻ አይደለም። አባት ከስደት ተቀብላ ያኖረችውን አገር ባንዲራ ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እዚያው የተወለደ ልጁ ደግሞ ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆመው ኢትዮጵያዊ ነኝ ብሎ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም፣ ጥቁር ነው። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እንዲህ ዓይነት ውዝግብ ሲነሳ እራት ላይ በጩኸት ከመጀመር ሙሉውን ቪዲዮ አብራችሁ እዩ። ከጥያቄው ጀምራችሁ። ከዚያ አባት ስለ ባንዲራው የሚሰማውን ይናገር፣ ልጅም ፖሊስ ሲያይ የሚሰማውን። ልጁ አማርኛው ካጠረው በእንግሊዝኛ ይጨርስ፤ አነጋገሩን አታርሙት፣ መሐል ገብታችሁም አታቋርጡት።