የልብ ድካም ላለበት ሰው፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ሞተር አይቆጥቡት

ሥር የሰደደ የልብ ድካም ያለበት ሰው ብስክሌት የሚፈራው በአብዛኛው ስለ አቀበቱ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ አቀበት የልብን ሥራ በድንገት ያከብደዋል። ፔዳሉ ሲመታ የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ እግር እየሠራ ሞተሩ የጎደለውን ይሞላል። ስለዚህ እገዛውን ከፍ የሚያደርጉት አቀበቱ ሳይጀምር ነው፤ ትንፋሽ ካጠረ በኋላ ዘግይቷል። በሞተር መታገዝ ስንፍና አይደለም!

ድካምዎን በልብ ምት ብቻ አይለኩ። ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች ምቱን ስለሚገድቡት የእጅ ሰዓቱ ቁጥር ያሳስታል። እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ፣ ለብዙዎች ተስማሚው መጠን እሱ ነው። ሲጀምሩም ሲጨርሱም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዝግ ብለው ይንዱ፤ ድንገት ቀጥ ብሎ መቆም ራስ ያዞራል።

ይህ ሁሉ ሕመሙ ለተረጋጋና ሐኪሙ ለፈቀደለት ሰው ነው። በየጠዋቱ ይመዘኑ፤ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ወይም እግርዎ ካበጠ ብስክሌቱን ትተው ለሐኪምዎ ይደውሉ። ደረት ካመመዎት ወይም ራስዎን ሊስቱ ከደረሱ እዚያው ቆመው አስቸኳይ እርዳታ ይጥሩ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ክብደቱን ነው፤ አብዛኛው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ደረጃ ላይ ተሸክመው አይውጡ፤ ባትሪውም ለመመለሻ መብቃቱን ሳያዩ አይነሡ።