የጓሮ አትክልትን በጨርቅ ሲሸፍኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከጎንደር ወደ ወገራና ዳባት በወጣን ቁጥር የሌሊቱ ብርድ ይበረታል። ውርጭ የመታው ድንች ጠዋት ሲያዩት የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። የአንድ ሌሊት አቡጀዲ ያን ያህል ልፋት ሊያድን ይችላል፤ አሸፋፈኑን ካወቁበት።

ጨርቁን እንደ ጋቢ ማሰብ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጋቢ የሚያሞቀን ገላችን ሙቀት ስላለው ነው። ተክል ግን የራሱ የሚባል ሙቀት የለውም፤ ሌሊቱን የሚያሞቀው ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለው አፈር ነው። ስለዚህ ጨርቁን ግንዱ ላይ ሰብስበው አይቋጥሩት፤ እስከ መሬት አውርደው ዙሪያውን በአፈር ወይም በድንጋይ ይጫኑት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሸፍኑ፤ እኩለ ሌሊት በባትሪ ወጥቶ መሸፈን የሄደውን ሙቀት አይመልስም። ደረቅ አፈር ሙቀት አይይዝምና ቀን ላይ ሥሩን ያጠጡ። ቀጭን ጨርቅ የሚያተርፈው 1 ወይም 2 ዲግሪ ያህል ነው፤ ብርዱ ከጠና ደርቡት።

ላስቲክ ቅጠል ላይ ማሳረፍ። ላስቲኩ የነካው ቅጠል ቀድሞ ይቃጠላል። ጨርቅም ቢሆን በጎበጠ ሸምበቆ ወይም በእንጨት ከፍ ቢል ይሻላል።

ጠዋት አለመግለጥ። ለውርጭ የለበሰውን ፀሐይ ሞቅ ስትል ያንሡት፤ በተለይ ላስቲክ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ ይግላል።

ተባዩን አብሮ መዝጋት። ስስ ጨርቅ ተባይ ለመከላከልም ቀንና ሌሊት ሳይነሣ ይለበሳል። እኔ የጎመን ችግኝ ቅጠሉን ሳላገላብጥ እንዲህ ሸፍኜ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስገልጠው ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ወሮታል፤ ክሽክሽ የሚበሉት ጥንዚዛዎች መግቢያ አጥተው ነበር። እንግዲህ የቅጠሉን ጀርባ ያዩና ይዝጉ፣ በየሳምንቱም ገልጠው ይፈትሹ። አምና ጎመን የነበረበት መደብ ላይም አይሸፍኑ፤ አፈር ውስጥ የተደበቀው ተባይ ከጨርቁ ሥር ይፈለፈላል።

አበባ ሲያወጣ ሸፍኖ መተው። ዱባና ኪያር ያለ ንብ አያፈሩም፤ አበባው ሲታይ ይግለጡ። ጎመን ግን ለቅጠሉ ስለሚተከል እስኪቆረጥ ሊሸፈን ይችላል።

የአልጋ አጎበር መጠቀም። ቀዳዳው ቢራቢሮን ቢከለክልም ክሽክሽን ያሳልፋል። ደግሞም ደምቢያን በመሰለ የወባ አገር አጎበር ከልጆች አልጋ ላይ ተነሥቶ ጎመን ላይ ሲዘረጋ ማየት ያሳዝነኛል። ያረጀ ነጠላ ወይም አቡጀዲ ይበቃል።