የወላጆቻችንን ስማርት ስልክ እንዴት እናመቻችላቸው?

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖረው እናቴ፣ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር የምትገናኘው በኢሞ ነው። አንድ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ የእህቴ ጥሪ ቀረ። እናቴም ቤት ድረስ ልጅ ልካ "ስልኬ ተበላሽቷል፣ ጠጋኝ ጋ ይውሰድልኝ" አለችኝ። ከኮምቦልቻ ተነስቼ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ሳየው፣ ስልኩን ከኔትወርክ የምታቋርጠው የአውሮፕላን ምልክት ተነክታ ኖሯል። አንዴ ነካ ሳደርጋት ተስተካከለ። ሦስት ቀን ሙሉ "ልጄ ምን ሆና ይሆን" እያለች መክረሟ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ የእሷንም የጎረቤቶቿንም ስልክ የማስተካክለው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጡትና ምን ሊሠሩበት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። የእናቴ ፍላጎት ሦስት ብቻ ነው፤ መደወል፣ እህቴን ማየትና ካርድ መሙላት። የማይፈልጉትን ሁሉ ተጭናችሁ በመያዝ ወደ ሁለተኛው ገጽ ጎትቱት። የልጆቻቸውን ስልክ ቁጥር ከነፎቷቸው የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉ፤ ፊደል ያልቆጠረም ሰው የልጁን ፊት ያውቃል።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው ጋ ገብታችሁ ፊደሉን አተልቁ፤ ከዲስፕሌይ ወጥታችሁ ደግሞ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋውን አማርኛ አድርጉ፣ የጥሪውንም ድምፅ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ፊደሉ ከልክ በላይ ከተለቀ አንዳንድ ቁልፎች ከገጹ ስለሚወጡ ኢሞን ከፍታችሁ ሞክሩት።

ብዙዎቻችን የማናስበው የጣታቸውን ነገር ነው። የስልኩ መስታወት የሚሠራው ከቆዳችን በሚያገኘው የኤሌክትሪክ ስሜት ነው። ዕድሜ ልኩን እሳትና ሥራ ያደረቀውን ጣት ደግሞ መስታወቱ በደንብ አያውቀውም። ሲነኩት ዝም ሲላቸው አጥብቀውና አቆይተው ይጫኑታል። ስልኩ ይህን እንደ ሌላ ትእዛዝ ይቆጥረውና ምልክቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ይሰረዛሉ። "ስልኩ በራሱ ይቀያየራል" የሚሉት እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ ግቡና "ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ" የሚለውን (ነክቶ የመያዣውን ጊዜ) ወደ ረጅሙ ቀይሩት። መስታወቱ ላይ ወፍራም መከላከያ ከተለጠፈ አንሱት። ጣታቸውን ትንሽ ቅባት ነክተው ይጥረጉት። አነካኩን ሳስተምር "የጋለ ጀበና እንደምትነኪው፣ ነካ አድርገሽ አንሺ" ስላት እናቴ ወዲያው ገባት።

ስልኩ "ተበላሸ" ሲባል በቅድሚያ የምታዩአቸው አሉ። አውሮፕላኗ በርታለች? ድምፁ ጠፍቷል? ሂሳብ አልቋል? ይህን በኢትዮ ቴሌኮም መስመር በ*804# ታያላችሁ። ቻርጅ አልገባም ካለ ስልኩን አጥፉና ቀዳዳው ውስጥ የገባውን ብናኝ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብላችሁ አውጡ። የስልኩ ማስቀመጫ ቦታ ከሞላ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ ዝጉት። ካርድ መሙያውን *805*፣ ቀጥሎ የካርዱን ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ # ብላችሁ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው።

ቴሌብር የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አስጠንቅቋቸው። "ሽልማት ደርሶዎታል" ወይም "በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ" የሚል ሰው ሲደውል የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የመጣ ቁጥር አይነገርም። ደዋዩ የቱንም ያህል ትሁት ቢሆን፣ ስልኩን ዘግተው ለእናንተ ይደውሉ። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ወደ ቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት 127 ደውላችሁ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ደዋይ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነውና፣ ይህኛው ነውር እንዳልሆነ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ማስተማሩ ላይ ስልኩን ከእጃቸው አትንጠቁ። የእናንተ ጣት ሲሮጥ አይተው አይማሩም፤ የራሳቸው ጣት ይሥራው። ሲሳሳቱ "አብሽሪ እማ፣ አይሰበርም" በሉና ጠብቁ። ባንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አሳዩ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ሦስቴ ይደጋግሙት። በማግስቱ ደውሉና ያንኑ ብቻቸውን እንዲሠሩት ጠይቋቸው።